ባንድካምፕ ከባሕር ዳር ሲታይ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማሲንቆ፣ ክራር ወይም ዋሽንት የምትጫወቱ ከሆነና ውጭ አገር ያለ ሰው ከፍሎ እንዲገዛችሁ ከፈለጋችሁ፣ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ባንድካምፕ የሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ ይሻላል። ግን አንድ ትልቅ ጣጣ አለበት። ገንዘቡ ቀጥታ ኢትዮጵያ አይገባም። ለዚህ መላ ሳትፈልጉ ከጀመራችሁ ሸጣችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀን ኮምፒውተርና ሞባይል እጠግናለሁ፣ ማታ ሙዚቃ እቀዳለሁ። ስቱዲዮ ከተባለ ስቱዲዮ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ፣ አንድ ደህና ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ቀረጻ የሚባል ነገር የለም። እዚያች ክፍል ውስጥ ከዳንግላ በኩል የመጡ አንድ ባለማሲንቆ አልበም ቀዳሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን አልጽፍም። "ስሜንና ብሬን አንድ ቦታ አታስቀምጥ" ብለውኛል። ልክ ናቸው።

መጀመሪያ የሄድነው ሁሉም በሚሄድበት መንገድ ነበር፤ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክ፣ ዩቲዩብ ሙዚክ። እዚያ ለመግባት አከፋፋይ (ዘፈኑን ለእነሱ የሚያደርስ ድርጅት) ያስፈልጋል። አንዳንዱ አከፋፋይ በዓመት ያስከፍላል፤ አንዳንዱ እንደ ሲዲ ቤቢ ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። እኛ የተጠቀምንበትን አልጠራውም። ካስገባናቸው ዘፈኖች አንዱ "የሌላ ሰው ነው" ተብሎ ወረደ። ዜማው የሕዝብ ነው። ከጋሼ በፊት ስንቱ ተጫውቶታል፣ ከእሳቸው በኋላም ስንቱ ይጫወተዋል። ዘፈኖችን የሚያመሳክረው ማሽን ይህን የት ያውቃል? አንዱ ማሲንቆ ከሌላው ሲመሳሰልበት ሌቦች አደረገን። አቤቱታ ጻፍን። መልሱም ከማሽን መጣ። በዚያው ቀረ።

ባይወርድም ሒሳቡ አያዋጣም ነበር። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን አንዴ ሲደመጥ የሚገኘው በአብዛኛው ከግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ አንድ ትራክ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም አይከፈልበትም። 30 ሰከንድ የሰማም ሆነ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሰማ እኩል ነው የሚቆጠረው። ጋሼ ገና ማሲንቋቸውን ሞቅ አድርገው ግጥም ሳይጀምሩ ሁለት ደቂቃ ያልፋል። የሳቸው አንድ ዘፈን የሌላውን ሦስት ያህላል፣ ክፍያው ግን የአንድ ነው።

የአሜሪካ ግብርም አለ። ከአሜሪካ ውጭ የምንኖር ሰዎች ደብሊው ኤይት ቤን የሚባል የግብር ፎርም እንሞላለን። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ ከአሜሪካ አድማጭ ከሚመጣው ሮያሊቲ (የባለመብት ክፍያ) 30 በመቶው እዚያው ይቀራል። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዲሁ ያደርጋል። ሰዎች "ዩቲዩብ ብሬን በላኝ" ሲሉ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

ባንድካምፕ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። ሙዚቀኛው የራሱን ገጽ በነጻ ይከፍታል። ሰው መጥቶ ይሰማል፣ ከወደደ ከፍሎ ያወርዳል፣ ፋይሉ የራሱ ይሆናል። አከፋፋይ አያስፈልግም። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል። በዓመት ውስጥ 5,000 ዶላር ከሸጣችሁ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። (እዚያ ስንደርስ እጽፍላችኋለሁ።) እንደ ካሴት፣ ሸክላ፣ ቲሸርት ባሉ ዕቃዎች ላይ ግን ከመጀመሪያውም 10 በመቶ ነው።

የጋሼን አልበም 7 ዶላር አደረግነው። ከዚያ ላይ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ለባንድካምፕ ይሄዳል። ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ፔይፓልም የራሱን ይቆርጣል። ቢቆረጥ ቢቆረጥ ከ5 ዶላር የማይርቅ ነገር ይተርፋል። ይህንኑ 5 ዶላር ከስፖቲፋይ ለማግኘት ከ1,000 ጊዜ በላይ መደመጥ አለባችሁ። አንድ ሰው ወዶ ከገዛ አንድ ሺህ ጊዜ ማድመጥን አስናቀ ማለት ነው። የእኛ ዓይነት ሙዚቃ ደግሞ ሺህ አድማጭ አይጎርፍለትም፤ ጥቂት የሚያብዱለት ሰዎች ናቸው ያሉት። ባንድካምፕ የተሠራው ለእነዚህ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ወደድኩለት። ዋጋውን ስታስቀምጡ "ከዚህ በታች አይሆንም፣ ከዚህ በላይ ግን እንደ ፍላጎትህ" ማለት ትችላላችሁ። ለጋሼ ይህን ሳስረዳቸው፦

"ሰባት ዶላር? እኔን ሳያዩኝ?"

"አዎ ጋሼ፣ ሳያዩዎት።"

"ታዲያ የወደደኝ ሰው ምን ያደርጋል? ግንባሬ ላይ አይለጥፍ!"

"ጨምሮ ይከፍላል። ዐሥርም ሃያም ማድረግ ይችላል።"

ትንሽ አሰቡ። "በል እንግዲያው ሽልማት ነው፤ በሩቁ የሚለጠፍ" አሉ። ከዚያ በኋላ ያስረዳኋቸው ነገር የለም። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን አሠራር ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እውነትም ጨምሮ የሚከፍለው ሰው ከጠበቅነው በዛ። 7 የሚለውን አይቶ 20 ዶላር የከፈለ የኔዘርላንድስ ሰው አለ። ገዢ ሲከፍል አጭር መልእክት መተው ይችላል። ይህ ሰው የጻፈውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ባንድካምፕ ኤምፒሥሪ አይቀበልም። ዋቭ፣ ኤአይኤፍኤፍ ወይም ፍላክ ይፈልጋል፤ ማለትም ድምፁ ያልተጨመቀውን ወይም ጥራቱ ሳይነካ የተጨመቀውን። አንድ ደቂቃ ዋቭ ወደ 10 ሜጋባይት ነው። አንድ ሰዓት የሚጠጋ አልበም ከ500 ሜጋባይት በላይ ይመጣል። በእኛ ኢንተርኔት ይህ ቀልድ አይደለም። የክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ቢሆንማ ጭራሽ አይታሰብም ነበር። መፍትሔው ፍላክ ነው። ጥራቱ ያው ሆኖ መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በሌሊት ጥቅል እየጫንኩ አንድ በአንድ አስገባሁት። ሁሉን በአንዴ አትጫኑ፤ መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። የሽፋን ሥዕሉ ጎንና ጎኑ ቢያንስ 1,400 ፒክሰል ይሁን። ሌሎቹ መደብሮች 3,000 ስለሚሉ ከመጀመሪያው በ3,000 ብታሠሩት ይገላግላችኋል።

ገጹ በአማርኛ አይሠራም። የአልበሙን ስም ግን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ያምራልም። የገጹ አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ፈረንጅ የሚፈልገውም በላቲን ስለሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ማሲንቆን እነሱ በተለያየ አጻጻፍ ነው የሚጽፉት፤ የምታውቁትን ሁሉ ታግ (የመፈለጊያ ቃላት) ውስጥ ክተቱት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባንድካምፕ ላይ የሚሸጠው ጽሑፉ ነው። አዎ፣ ጽሑፉ። የማያውቁት አገር፣ የማይሰሙት ቋንቋ፣ አንድ ጭራ ያለው መሣሪያ። ሰው ምን እንደሚሰማ ካልነገራችሁት ትራኩን ግማሽ ላይ ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ "ጥንታዊ፣ አስደናቂ፣ ባህላዊ" የሚል ነገር ተጽፎ ነበር። የቱሪዝም ብሮሹር ይመስላል። ገዢም አልነበረውም። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጓደኛዬ አየውና "ይኼ የማንም አገር ሊሆን ይችላል፤ እስቲ ዝም ብለህ ያየኸውን ጻፍ" አለኝ።

እኔ ያየሁትን በአማርኛ ጻፍኩ፣ እሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ማሲንቆው አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ሳጥን ሆኖ በሁለት በኩል በፍየል ቆዳ እንደተወጠረ ጻፍን። አንዲቱ ክሩ ከፈረስ ጭራ መሆኗን፣ የደጋኑም ጭራ ያው መሆኑን ጻፍን። ጋሼ ከመጫወታቸው በፊት እጣን አውጥተው ደጋኑን እንደሚያሹ፣ ክፍሉ ሽታ ሽታ እንደሚል፣ ያ ካልሆነ ማሲንቆው እንደማይጮህ ጻፍን። በየዘፈኑ ሥር ቅኝቱን አስቀመጥን፤ ይኼ ትዝታ ነው፣ ይኼ ባቲ ነው፣ ይኼ አንቺ ሆዬ ነው። ከግጥሞቹ ሁለት ሁለት ስንኝ ምን እንደሚሉ አስረዳን። ጎጃም ውስጥ ያደገ አዝማሪ ቀጥ ያለ ነገር አይናገርም። ሰሙን ነግረን ወርቁን "ራስህ ፈልገው" አልን። ፈረንጁ ይህን ወደደው። ጽሑፉ ከተቀየረ በኋላ ነው ሽያጭ የሚባል ነገር የታየው።

አራተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። ላጠፋው ነበር። ጋሼ "ተወው፣ እሱም ሰምቶ ነው" አሉ፤ ተውኩት። ይህንንም ጻፍነው። ያ 20 ዶላር የከፈለው ሰው የጻፈው መልእክት ምን ይላል መሰላችሁ? "ለማሲንቆው 15፣ ለውሻው 5።"

ይህ ስለ አቀዳድ አንድ ነገር ያሳያል። እዚህ አገር ማሲንቆ ሲቀዳ ባለስቱዲዮው ኪቦርድና የድራም ማሽን ካልከመረበት ሥራ የሠራ አይመስለውም። ሠርግ ላይ ለማስጨፈር ይሁን። ውጭ ላለው ገዢ ግን አይሆንም፤ ኪቦርዱ አገሩ ሞልቶለታል። ኪቦርድ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በኪቦርድና በአኮርዲዮን የቀዳው ካሴት እኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባል አሳታሚ እንደገና ወጥቶ ነው ዓለም የሰማው። ያኔ ሰውዬው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ በየአገሩ መድረክ ላይ ወጣ። የዚያ አሳታሚ ሥራዎች ዛሬም ባንድካምፕ ላይ ይሸጣሉ። ችግሩ ኪቦርዱ ማሲንቆውን ሲውጠው ነው።

ገዢዎቻችን እነማን ናቸው? ዲያስፖራ ይገዛል ብዬ ነበር ያሰብኩት። የሀበሻ ስም ያላቸው ገዢዎች ግን በጣት ይቆጠራሉ። የእኛ ሰው ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይሰማል፣ ኮሜንት ላይ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። አልወቅሰውም። የሚገዛው ፈረንጅ ነው፤ ሸክላ የሚሰበስብ፣ ሬዲዮ ላይ ፕሮግራም ያለው፣ ራሱም ቫዮሊን ወይም ሌላ ነገር የሚጫወት። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 አንስቶ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በተከታታይ ሲዲ ፈረንሳይ ውስጥ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ጆሯቸው ተከፍቷል። የእኛን ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው አለ። እኛ ነን ያልተገኘነው።

ግን ባንድካምፕ ራሱ ሰው አያመጣላችሁም። ይህን አትርሱ። ገጽ ከፍታችሁ ብትቀመጡ ማንም አይመጣም። እኔ የአፍሪካ ሙዚቃ ለሚያሰሙ የውጭ ሬዲዮ አዘጋጆች አጭር ኢሜይል ላክሁ፤ ሁለት መስመር፣ አንድ ሊንክ፣ ነጻ የማውረጃ ኮድ። ኮዱን ባንድካምፕ በየወሩ በነጻ ይሰጣል። አብዛኞቹ አልመለሱም። የመለሱት ግን አሰሙት፤ ባሰሙ ቁጥር ገዢ መጣ። የገዛ ሰው ኢሜይል ለእናንተ ይደርሳችኋል። ስፖቲፋይ ማን እንደሰማችሁ በስም አይነግራችሁም። ይህ ብቻውን 15 በመቶውን ያስረሳል።

አሁን ወደ ጣጣው። ባንድካምፕ የሚከፍለው በፔይፓል ነው። ከኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል አካውንት መክፈል እንጂ መቀበል አይችልም። በቃ፤ ከዚህ ወዲያ የሚያከራክር ነገር የለም። አንዳንድ ልጆች ቪፒኤን ከፍተው የሌላ አገር ሰው መስለው አካውንት ያወጣሉ። እኔ አልመክርም። የማንነት ማረጋገጫ የተጠየቀ ቀን አካውንቱ ይዘጋል፣ ብሩም እዚያው ይታገታል። ከዚያ ማን ጋ ትሄዳለህ?

የእኛ መላ የአክስቴ ልጅ ናት። ጀርመን ትኖራለች። የፔይፓል አካውንቱ የሷ ነው፤ ገጹ ላይም ክፍያው ወደሷ እንዲሄድ አደረግን። ዘመድ ናት ብላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትግቡበት። መጀመሪያ ወረቀት ተጻጻፉ። እሷ ገንዘቡ በስሟ ስለሚገባ እዚያ አገር ግብር ሊጠየቅባት ይችላል። ስለዚህ ከራሷ ገንዘብ የተለየ አካውንት ከፈተች፣ ደረሰኙን ሁሉ ትይዛለች፣ ለድካሟም ድርሻ አላት። በየሦስት ወሩ ጠቅለል አድርጋ በባንክ ትልካለች። ትንሽ ትንሽ ቢላክ የመላኪያው ዋጋ ይበላዋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በባንክ መላክ እንደ ድሮው አያስቆጭም። ያኔ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፣ አሁን ከመቶ አልፎ ሄዷል።

ከጋሼም ጋር ወረቀት አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹም ለድምፅ ቀራጩም ለየብቻ መብት ይሰጣል። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ያን ቀን የተጫወቱት የሳቸው ነው፣ ቅጂው የኔ ነው። ከወጪ በኋላ ያለውን እኩል እንካፈላለን። ጋሼ ማንበብ ስለማይወዱ ልጃቸው አንብባላቸው ነው የፈረሙት። አዝማሪ በድሮ ካሴት ዘመን አንዴ ተከፍሎት ዕድሜ ልኩን ሲሸጥበት አይተናል። ያ እንዳይደገም ከፈለጋችሁ ከቀረጻው በፊት ፈርሙ።

ባንድካምፕ ፍራይዴይ የሚሉት ቀን አለ። በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። በዚያን ዕለት ባንድካምፕ የራሱን ድርሻ አይወስድም። በየወሩ አይደለም፤ ቀኖቹን አስቀድሞ ያሳውቃል። ቀኑ የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ስለሆነ እኛ ጋ ዓርብ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይጀምርና ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እነሱ ሰዓታቸውን በሚቀይሩበት ወቅት ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል። ኢሜይል የምትልኩ ከሆነ ለዚያ ቀን አቆዩት። ገዢዎቹም ያውቁታል፣ ጠብቀው ነው የሚገዙት።

አንድ ስጋት አለኝ። ባንድካምፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤፒክ ጌምስ ለሚባል የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኤፒክ ሶንግትራደር ለሚባል የሙዚቃ ፈቃድ ኩባንያ ሸጠው፤ በዚያው ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተቀነሱ። እስካሁን ሥራው ላይ የተቀየረብኝ ነገር የለም። ግን ባለቤቱ እንዲህ በሚቀያየር ሱቅ ውስጥ ሁሉን ነገር ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ዋናው ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ አለኝ። የገዢዎችን ኢሜይልም በየጊዜው አወርዳለሁ።

ለማን አይሆንም? እስክስታ የሚያስመታ፣ ክሊፕ ያለው፣ ለበዓል የሚለቀቅ ዘፈን ካላችሁ ባንድካምፕ ጋ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ያ ገበያ ዩቲዩብና ቲክቶክ ነው፤ ገንዘቡም ከሠርግና ከመድረክ ነው የሚመጣው። አገር ውስጥ ላለው አድማጭ ደግሞ የራሳችን መተግበሪያዎች ይቀርባሉ፤ በብር ነው የሚከፈለው። ባንድካምፕ ላይ የአገራችን ሰው ቢፈልግ እንኳ በምን ካርድ ይከፍላል?

ዕቃ መሸጡንም ሞክረነዋል። ከእንጅባራ በኩል በመጣ ቀርከሃ የተሠሩ ዋሽንቶች ገጹ ላይ አወጣን። ፈላጊ አልጠፋም። ግን አንድ ዋሽንት አውሮፓ ለመላክ የሚጠየቀው ከዋሽንቱ ዋጋ በላይ ሆነ፤ ቀርከሃው እንዳይሰነጠቅ የሚታሸግበትም ሌላ ወጪ አለው። አወረድነው። ካሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ፈረንጆቹ ወደ ካሴት ተመልሰዋል፤ ገዢዎቻችንም "ካሴት የላችሁም ወይ?" እያሉ ይጽፋሉ። እዚህ የሚያሳትም ሰው የለም፤ ጀርመን ውስጥ ግን በትንሽ ቁጥር የሚያሳትሙ አሉ። እዚያው ታትሞ እዚያው ከተላከ የመላኪያው ጣጣ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ዋጋ እየጠየቀች ነው። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ኮፍያቸውን አድርገው እንዲነሱ።